ደብዳቤ ጸሐፊው አስር አለቃ



ከጮቄ ተራራ ሥር ተነሥቼ ወታደር ቤት የገባሁት በ19 ዓመቴ ነው። እንደ እናንተ ጋዋን ለብሼ አልተመረቅሁም፤ የተማርሁት ከአዛዦቼ ነው፤ ከወደድኋቸውም ከጠላኋቸውም።

የመጀመሪያው የሻምበል አዛዣችን ፊቱ አይፈታም። ጠመንጃችንን በቀን ሁለቴ ይፈትሻል፤ አቧራ ያገኘበትን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ያስወለውለዋል። ስንት ሌሊት ረገምሁት! ኋላ አሸዋማ በረሃ ላይ የጎረቤታችን ሻምበል ጠመንጃ አልተኩስ ሲል የእኛ ተኮሰ። ያን ቀን ይቅር አልሁት፤ መውደድ ግን አልቻልሁም። የአንዳችንን ስም እንኳ ሳያውቅ ተዛወረ።

አስር አለቃችን ሌላ ሰው ነበር። የገበሬ ልጅ ነው፤ ፊደል ላልቆጠረው ሁሉ ደብዳቤ ይጽፋል። ማታ ኮቾሯችንን እየቆረጠምን እንነግረዋለን፤ እሱ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። የማን እናት እንደታመመች፣ የማን በሬ እንደሞተ ያውቃል። የሌሊት ጥበቃ ሲመድብ መርዶ የደረሰውን ልጅ ብቻውን ምሽግ ላይ አይተወውም፤ አጠገቡ ራሱ ቆሞ ያድራል። ይህን ያዘዘው መመሪያ አልነበረም።

ጎጃም ሁለቱንም ዓይነት መሪ ቀድማ አይታለች። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከተፈሪ መኮንን ጋር ሐረር ያደጉ መስፍን ናቸው። በ1928 የጎጃምን ጦር እየመሩ ሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ ታኅሣሥ ላይ ጦራቸው ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ከጥቅም ውጭ አደረገ። አርበኛው በላይ ዘለቀን ግን የሾመው አልነበረም፤ ብቸና ላይ ሰው ራሱ ወድዶ ተከተለው። ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲያድል፣ ለእኔ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ይበቃኛል አለ ይባላል። ምረጥ ብትሉኝ አልመርጥም። የመርዝ ጋዝ የሚዘንብበትን ትልቅ ጦር ሥርዓት የያዘ አዛዥ ካልመራው ይበተናል፤ በዓባይ በረሃ የሚዋጋ አርበኛ ደግሞ የሚያውቀውንና የሚያምነውን ሰው እንጂ ማኅተም አይከተልም።

ከእምሩ ጋር ከዘመቱት አንዱ የዚሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ። በ1929 ተማርከው ጣሊያን አገር ተጋዙ፤ ያዩትንም «ትዝታ» ብለው ጻፉልን። ስለ አስር አለቃዬ ግን የጻፈ የለም። የሁላችንን ደብዳቤ ሲጽፍ የእሱን ታሪክ የጠየቀው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጆቼ፣ ነገ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ እርሻ ጽሕፈት ቤት ስትመደቡ የሚያዝዛችሁ ሰው ይኖራል። አንድ ደብተር ግዙ። ያዘዘውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳዘዘ፣ ሥራው ሲከብድ የት እንደቆመ ጻፉ፤ የጠላችሁትንም አትዝለሉት። አዛዥ በሆናችሁ ማግሥት ደብተሩን ክፈቱት።