የእህቴ ሠርግ በሲዲ

እሷ፦ ቦኬ ውስጥ በገበያ ቀን ወጣቱ ዘፈን የሚያስጭነው በፍላሽና በሚሞሪ ነው። ሲዲ የሚጠይቅ አለ እንዴ?

እሱ፦ ለዘፈንማ የለም። ግን የታላቅ እህቴ ሠርግ እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ በሲዲ ተቀምጧል።

እሷ፦ ማጫወቻውስ?

እሱ፦ የጠፋው እሱ ነው! ሲዲው ጠርዙ ላይ ትንሽ ተጫጭሯል እንጂ ደህና ነው።

እሷ፦ አየህ? ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ብሉሬይ እንኳ በአንድ ንብርብር 25 ነው የሚይዘው። ጥፍር የምታክል ሚሞሪ 64 ትይዛለች።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የሻንጋይ ተመራማሪዎች በመቶ ንብርብር 200 ቴራባይት ያህል ሊይዝ የሚችል ዲስክ አስተዋውቀዋል።

እሷ፦ ገና ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው እኮ! ሶኒ ደግሞ በ2025 ባዶ ብሉሬይ ማምረት አቁሟል።

እሱ፦ ለገበያ አላልኩም፣ ለማኅደር ነው። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ ቢቀመጥ በውስጡ ያለው ሊጠፋ ይችላል። ጥሩ ዲስክ በጥንቃቄ ከተያዘ ይቆያል።

እሷ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ለመሬት መዝገብ፣ ለፍርድ ቤት ፋይል ይሆናል። የእህትህን ሠርግ ግን ሁለት ቦታ አስገልብጠው። ጭሮ ከተማ ስትሄድ ያዘው።

እሱ፦ ማክሰኞ እሄዳለሁ፤ ከነነጠላው ይዤው።