ጀበናን በኮምፒውተር መሥራት
(በቀድሞ ምሩቃን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ውድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣

ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው። የኮምፒውተር ግራፊክስና አኒሜሽን እዚህ በመጀመሪያ ዲግሪ ቢሰጥ ምን መምሰል አለበት? እኔ ከኮምቦልቻው ግቢ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በዚሁ ሙያ እንጀራ የምበላ ነኝ። በእኛ ጊዜ ግራፊክስ የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ነበር፤ መስመርና ክብ በኮድ ስለን፣ ተፈትነን አለፍን።

"ካርቱን ለመሳል ደግሞ አራት ዓመት?" የሚል ወላጅ አይጠፋም። በሬ ሸጦ ላስተማረ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴን በጀበና ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማርቲን ኒውዌል ለሙከራ የሚሆን ቅርጽ ሲፈልግ፣ ባለቤቱ የቤታቸውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ጠቆመችው። የማንቆርቆሪያው ቅርጽ በሂሳብ ተቀምሮ በዓለም ተሰራጨ፤ እስከ ዛሬም የብርሃንና የጥላ ስሌት ይሞከርበታል። እኛ ደግሞ ጀበና አለን። የጎኑን መስመር ስለን በመሐሉ ዘንግ ዙሪያ ብናዞረው ሆዱና አንገቱ ይወጣሉ። እጀታው ግን በዚህ መንገድ አይወጣም፤ ሌላ ጥምዝ መስመር ይፈልጋል። የጠቆረው ሸክላ ብርሃን እንዴት እንደሚመልስ ለማስላት ቬክተር፣ ጀበናውን ለማዘንበል ማትሪክስ ያስፈልጋል። ቡና የምትቀዳዋ እናት አንጓዋ እንዴት እንደሚታጠፍ ግን ቀመር ብቻውን አይነግራችሁም፤ ቁጭ ብሎ ማየትን፣ በእርሳስ ደጋግሞ መሳልን ይጠይቃል። አራት ዓመቱ ለዚህ ነው።

የእጅ ሙያውም አለ። አንድ ሰከንድ አኒሜሽን ብዙ ጊዜ 24 ምስል ነው። ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል በ5 ደቂቃ ቢያወጣ፣ 10 ሰከንድ ማለት 240 ምስል፣ የ20 ሰዓት ሥራ ነው። መሐል ላይ መብራት ቢሄድስ? በአንድ የቪዲዮ ፋይል የሚያወጣ ተማሪ ከዜሮ ሊጀምር ነው፤ ምስሎቹን ለየብቻ የሚያስቀምጥ ግን የሚያጣው አንዷን ብቻ ነው። ይህን የሚያስተምረው በሥራው ያለፈ ሰው ነው።

"ሥራስ አለው ወይ?" ትሉኛላችሁ። ደመወዝ የያዘ ቀጣሪ በየበሩ አይጠብቅም፤ ይህን ለተማሪው መደበቅ የለብንም። ግን በር ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን ለልጆቻችን አቀረበ፤ በኋላም "ጥበብ ገርልስ" የተባለውን አኒሜሽን ሠራ። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን የማይሞላው ላትቪያ "ፍሎው" የተባለውን ፊልም ብሌንደር በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሠርታ በ2025 ኦስካር ወሰደች። እኛም ብሌንደርን ያለ ክፍያ ማውረድ እንችላለን። የሚጎድለን ሶፍትዌሩ ሳይሆን የሚነገረውን ታሪክና የሚሠራውን እጅ ማገናኘት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የእኛ የሚሆነው። ኮምፒውተሩ ኮምቦልቻ ነው፤ ሥነ ጽሑፉና ሕክምናው ደሴ። መሐላቸው ሐረጎ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ትምህርቱ አንዱ ግቢ ብቻ ከቀረ ወይ የሚንቀሳቀስ ግን ወሬ የሌለው አሻንጉሊት፣ ወይ ከወረቀት የማይወርድ ተረት ይሆናል።

ስለዚህ የክፍሉ ስም በር ላይ ከመለጠፉ በፊት አንድ ነገር እንሞክር። መምህራን፣ ከሁለቱም ግቢ አሥር ተማሪ ምረጡና የጋራ የመመረቂያ ሥራ ስጧቸው። የደሴን አይጠየፍ አዳራሽ ለክተው በኮምፒውተር ይሥሩት፤ የንጉሥ ሚካኤልን ግብር በ2 ደቂቃ አኒሜሽን ያሳዩን። ያኔ የሚጎድለን መምህር ይሁን መሣሪያ፣ በዓይናችን እናየዋለን።

ምሩቃን፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ዩኒቨርሲቲያችን ምን ያህል እንደተዘረፈ ታውቃላችሁ። ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ያለው ኮምፒውተር ያምጣ፤ ሙያ ያለው በወር አንድ ቅዳሜ ይስጥ። የእኔን ቅዳሜ ከወዲሁ መዝግቡልኝ።