መድኃኒትና የጡት ወተት፦ የኮዴይን ጉዳይ ለእኛ ምን ይነግረናል?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት በየዕለቱ የሚቀርብ ነው፦ «ጡት አጠባለሁ፤ ይህን ብወስድ ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?» መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከማሸጊያው ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ተመርኩዞ ነው። ወረቀቱም አብዛኛውን ጊዜ «ለሚያጠቡ እናቶች አይመከርም» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ከሳይንስ መደምደሚያ ይልቅ የአምራቹን የሕግ ጥንቃቄ ይገልጻል ብዬ አምናለሁ። መዘዙ ግን ቀላል አይደለም፤ እናት ወይ መድኃኒቷን ትተዋለች፣ ወይ ልጇን ጡት ታስጥላለች። ንጹሕ ውኃ በማይገኝበት፣ የዱቄት ወተት መግዣም በሌለበት ቤት ያለጊዜው ጡት ማስጣል ራሱ ለሕፃኑ አደጋ ነው። ይህኛው አደጋ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

መድኃኒት ከእናት ደም ወደ ወተት የሚያልፈው በራሱ የኬሚስትሪ ባሕርይ መጠን ነው። እንደ ኢንሱሊንና ሄፓሪን ያሉ ግዙፍ ሞለኪውሎች ከቶም አያልፉም ማለት ይቻላል። ከደም ፕሮቲን ጋር አጥብቆ የሚጣበቅ መድኃኒት፣ ለምሳሌ አይቡፕሮፌን፣ የሚያልፈው እጅግ በጥቂቱ ነው። በአንጻሩ ወተት ከደም ጥቂት አሲድነት ስለሚበልጠው ደካማ ቤዝ የሆኑ መድኃኒቶች ወደ ወተቱ ገብተው በዚያ ይጠመዳሉ። ያለፈውም ቢሆን በሕፃኑ ሆድ ዕቃ በኩል ወደ ደሙ መግባት አለበት፤ ጄንታማይሲን ወተት ውስጥ ቢገኝም ከአንጀት እምብዛም አይመጠጥም። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ወተት በጠርሙስ እንደተቀመጠ ፈሳሽ አይደለም፤ በእናት ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሲቀንስ በወተቱ ውስጥ ያለውም ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል። ስለዚህ ወተትን አልቦ መድፋት መድኃኒቱን ከሰውነት አያፋጥነውም።

በተግባር የምንጠቀምበት መለኪያ አንጻራዊ የሕፃን መጠን ይባላል፤ ሕፃኑ በወተት የሚያገኘው በኪሎ ክብደቱ ሲሰላ እናቱ በኪሎዋ ከወሰደችው ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ በአብዛኛው ተቀባይነት አለው። የካንሰር መድኃኒቶችና ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ግን በዚህ ሚዛን ብቻ አይዳኙም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2005 በካናዳ ቶሮንቶ አንድ ሕፃን በተወለደ በ13ኛው ቀን ሞተ። እናቱ ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞልና ኮዴይን ወስዳ ነበር። ኮዴይን በጉበት ውስጥ ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 በሚባለው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ እናቲቱም የጂኑ ተጨማሪ ቅጂ ያላት፣ ለውጡን እጅግ የምታፈጥን ሴት ሆና ተገኘች። በሕፃኑ ደም በአንድ ሚሊ ሊትር 70 ናኖግራም፣ በወተቷ ደግሞ 87 ናኖግራም ሞርፊን ተለካ። ዘገባው በ2006 ታትሞ ዓለምን አስደነገጠ።

ነገር ግን አብረን እናስላ። 3.5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ቢጠባ የሚያገኘው 46 ማይክሮግራም ገደማ ሞርፊን ነው። ሞርፊን በሰውነት ውስጥ የሚሰራጭበትን መጠን ዝቅ አድርገን በኪሎ 2 ሊትር ብንወስድ እንኳ፣ 70 ናኖግራም ላይ ለመድረስ 490 ማይክሮግራም በአንድ ጊዜ በሰውነቱ ውስጥ መገኘት አለበት። ይህም ምንም ሳይወገድ ከአሥር ቀን በላይ የተጠራቀመ ወተት ማለት ነው። ወተቱ ብቻውን ሞቱን ያስረዳል የሚለው ሐሳብ በፋርማኮሎጂ ሊቃውንት ብርቱ ተቃውሞ የገጠመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስለ ጉዳዩ የወጡ ጽሑፎችም ከሁለት የካናዳ መጽሔቶች ተሰርዘዋል።

ታዲያ ጉዳዩ ለእኛ ተዘጋ ማለት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው፤ በስዊድናውያን ዘንድ አሐዙ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በሌላ አገር እንግዳ የሚባለው ክስተት በእኛ የወሊድ ክፍል የዕለት ተዕለት ነው ማለት ነው። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በ2015 ኮዴይንን አገደ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል እንዳይወስዱ አስጠነቀቀ። ትራማዶልን ወደ ብርቱ ውጤቱ የሚለውጠው ያው ኢንዛይም ነውና፣ ኮዴይንን አስወጥቶ ትራማዶልን በወንበሩ ማስቀመጥ ጥያቄውን አይፈታውም።

የእኔ አቋም ይህ ነው። በአውስትራሊያ በቀዶ ሕክምና በወለዱ እናቶች ወተት የተለካው ትራማዶል ከነውጤቱ 3 በመቶ ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ክኒን የወሰደችን እናት «አታጥቢ» ብሎ ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ እናቶች የእኛን የጂን ሥርጭት አይወክሉም። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በሰዓታቸው ቢሰጡ አብዛኛውን ሕመም ስለሚይዙ መጀመሪያ እነርሱ ይታዘዙ። ከዚያ የጠነከረ ካስፈለገ በዝቅተኛ መጠን፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሁን። የሕፃኑን ዕድሜ ሳትጠይቁ መልስ አትስጡ፤ ከመድኃኒት ጋር ተያይዘው የተዘገቡት ጉዳቶች አብዛኞቹ የደረሱት ሁለት ወር ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ነው፤ ኩላሊታቸውና ጉበታቸው ገና አልጠነከረምና።

እናቲቱም ከመሄዷ በፊት በምትረዳው ቋንቋ ይነገራት፦ ልጁ ለመጥባት አልነቃ ካለ፣ ሰውነቱ ከዛለ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ፣ ወይም እርሷ ራሷ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ከተጫናት መድኃኒቱን አቁማ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ትምጣ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።