ልጅ በማን እጅ ይደግ?
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ መሐንዲስ ቆሞ የሚናገረው ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ አፈር ምርመራ መሆኑ የተለመደ ነው። እኔ ግን ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ፣ ባልና ሚስት በተለያዩ ጊዜ ልጆቻቸው በማን እጅ ያድጋሉ የሚለው ነው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ሙያችን ሰውን ለወራት ከቤቱ አርቆ በሥራ ሠፈር የሚያውል በመሆኑ፣ ትዳራቸው የፈረሰባቸው ባልደረቦቻችን ጥቂቶች አይደሉም። እኔም ከነዚሁ አንዱ ስለሆንሁ፣ የደረሰብኝን ብናገር ሌላው ከስሕተቴ ይማርበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽምግልና ዳኞች የሰጠ ሲሆን፣ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ ከእናቱ ጋር እንዲኖር ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አደረገ፤ የ5 ዓመቱንም ወሰን ደግሞ አልጻፈውም። በምትኩ በአንቀጽ 113 እንደተመለከተው፣ ፍርድ ቤቱ የእናትና የአባትን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም መዝኖ ይወስናል። ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ፣ በክልል የሚኖር ሰው አስቀድሞ የክልሉን ሕግ መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚቆመው መመዘኛ ግን የልጁ ጥቅምና ደኅንነት ነው። ይህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ተጽፎ ይገኛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ለብዙ ዓመታት ከልጁ ርቆ የኖረ አባት፣ እናት ከሞተች በኋላ ልጁን ካሳደገችው አክስት ልውሰድ ብሎ ቢከራከርና በሥር ፍርድ ቤቶች ቢረታም፣ ችሎቱ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አባትነት ወይም እናትነት ብቻውን በቂ ክርክር አይደለም።

ይህን እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ክርክሩ ሲጀመር ሴት ልጄ 6 ዓመቷ ነበር። የደመወዝ ማስረጃዬን፣ የቤት ካርታዬንና የትምህርት ወረቀቴን ደርድሬ ቀረብሁ። ዳኛዋ ሰነዱን አገላብጠው ካዩ በኋላ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጅቱን ሌሊት ትኩሳት ቢይዛት ተነሥቶ የሚያያት ማን ነው?» በዚያን ጊዜ በመንገድ ሥራ ካምፕ ስለነበርሁ ወደ ቤት የምመጣው በወር 5 ቀን ነበር። «እናቴ ናቸው» ብዬ መለስሁ። «እናትዎ በዚህ መዝገብ ተከራካሪ አይደሉም» አሉኝ። ያን ዕለት እከራከር የነበረው ስለ ልጄ ሳይሆን ስለ ክብሬ እንደነበር ተረዳሁ።

ስለሆነም ልጅቱ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተስማማን። ዳሩ ግን ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት በዚህ ጊዜ ነው። በስምምነታችን ላይ «አባት በሚመቸው ጊዜ ልጁን ይጎበኛል» የሚል አንድ መስመር ብቻ አስገባን። የሥራ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን የሌለው የግንባታ ውል ብናይ ማናችንም አንፈርምም፤ ስለ ልጄ ግን እንዲህ ያለውን ፈረምሁ። ለእኔ የሚመቸው ቀን ለእናቷ ሳይመች እየቀረ ብዙ ተጣላን። አንድ ቅዳሜ ማታ ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ከግቢው በር ላይ በሁለታችን መካከል ቆማ፣ ማንን እንደምትከተል ስታጣ አየኋት። አንገቴን ደፍቼ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ጠበቃ አማክረን ስምምነቱን በዝርዝር ጻፍን፤ ልጅቱ ከእኔ ጋር የምትሆንባቸውን ቀናት፣ የምረከብበትንና የምመልስበትን ሰዓትና ቦታ፣ የክረምት ዕረፍትንና የበዓላትን አከፋፈል፣ የፈቃድ ቀኔ ሲለወጥ ከስንት ቀን በፊት እንደማሳውቅ፣ የትምህርትና የሕክምና ወጪ እንዴት እንደሚሸፈን። ሁኔታዎች ሲለወጡ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላልና፣ አዲሱን ስምምነት ፍርድ ቤቱ አጸደቀልን። እነሆ ከዚያ ወዲህ በር ላይ አልተጣላንም።

እንግዲህ ለባልደረቦቼ የምመክረው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ የፍቺ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ እንዳይጎዱ፣ ስለ አያያዛቸውና ስለ ቀለባቸው ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ውሳኔው ሳይከበር ቢቀር ልጁን ነጥቆ መሄድ መፍትሔ አይደለም፤ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ይገባል። ሦስተኛ፣ ቀለብ የልጁ መብት ነው። «ልጄን ካላሳያችሁኝ አልከፍልም» ማለትም ሆነ «ካልከፈለ አያያትም» ማለት የሚቀጣው ልጁን ነው። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መንፈግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 መሠረት ያስቀጣል።

ለጠበቃ የሚከፍለው ያጣ ሰውም መንገዱ ፈጽሞ አልተዘጋበትም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ድህነቱን ያስረዳ ሰው የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል እንዲከስስ ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ እርዳታ በመስጠት የታወቀ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም የነፃ ሕግ እርዳታ ማእከሎች አቋቁመዋል። ወደ ማናቸውም ሲኬድ የጋብቻና የልደት ማስረጃን፣ የገቢ ማስረጃንና ቀደም ሲል የተሰጠ ውሳኔ ካለ ግልባጩን ይዞ መቅረብ ብዙ መመላለስን ያስቀራል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በሥራ ሠፈር ያሉ አባሎቻችን የሚጠይቁትን የሕግ ምክር የሚያገኙበት መንገድ ቢመቻችና፣ አሠሪዎችም የልጅ መጎብኛ ቀን በፍርድ የተወሰነለትን ሠራተኛ የፈቃድ ሰሌዳ በዚያው መሠረት ቢያወጡ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የሠራነው መንገድ አገርን ከአገር ሲያገናኝ፣ እኛ ከልጆቻችን ተለያይተን እንዳንቀር እንጠንቀቅ።