እናቶቻችን በእግራቸው የሚወጡባት ከተማ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር የማይቀር ክርክር አለን፤ ከትልልቆቹ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች አየሩ የሚሻለው የቱ ነው? አንዷ ሎስ አንጀለስን ታወድሳለች፣ ሌላዋ «በረዶውን ለምጄዋለሁ» ብላ ለሚኒያፖሊስ ትሟገታለች። ዛሬ የራሴን ምርጫ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን መለኪያዬን ልናገር።

እኔ ከተማን በቴርሞሜትር ብቻ አልለካም። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ፣ መኪና የማይነዱ እናት በዓመት ስንት ወር ብቻቸውን በእግራቸው ወጥተው በሰላም ይመለሳሉ? ጥያቄዬ ይህ ነው። እኛ ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ ነን። የከተማው አየር በእውነት የሚከብደው እነርሱን ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንደሆነ ደግሞ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትን፣ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም የማይለወጥባትን ከተማ ለምደው ነው የመጡት።

በሚኒያፖሊስ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርዱን እንኳ በካፖርት መቋቋም ይቻላል፤ የሚያስፈራው የእግረኛ መንገድ ላይ የሚረጋው በረዶ ነው። በስተርጅና ተንሸራቶ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። መሐል ከተማው ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኝ ሽፍን መተላለፊያ አለው፤ ዳር ሰፈር ለሚኖሩ እናት ግን አይደርስላቸውም።

ሲያትል በዝናቧ ያለ ልክ ትታማለች። በዓመት የሚዘንብባት ዝናብ ከኒው ዮርክ ያነሰ ነው። ከባዱ ጨለማው ነው። በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ይቆያል፤ እርሱም በደመናና በካፊያ ተሸፍኖ። ፊኒክስ ደግሞ በተቃራኒው ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ሙቀቱ ለ31 ተከታታይ ቀናት 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶባታል። እዚያ በበጋ ቤት የሚዘጋው ፀሐይ ነው።

እኛ ያለንባት ዋሽንግተን መሐል ላይ ናት። የጁላይና የኦገስት ወበቅ ያታክታል፣ የክረምቱም ጥቂት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ የቀረውን ወራት ግን ነጠላ ደርቦ መውጣት ይቻላል።

እንግዲህ ምርጫዬ፦ ለእናቴ ሎስ አንጀለስን፣ ለራሴ ዴንቨርን። ሎስ አንጀለስ ዝናቧ ጥቂት፣ ክረምቷ ለስላሳ ነው፤ አሥራ ሁለቱንም ወር ያስወጣል፤ ሱቁና አውቶቡሱ ቅርብ የሆነበት ሰፈር ከተገኘ ማለቴ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ደረቅ፣ ፀሐይዋ ብዙ፣ የበጋ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። አዲስ አበባን በጣም የምትመስለው ግን ሜክሲኮ ሲቲ ናት። ከፍታዋ 2,240 ሜትር ነው፣ ዋናው ዝናቧም በእኛ ክረምት ወራት ይወርዳል። ሰውን የሚያኖረው አየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እዚያ በሆንን ነበር።

ነገር ግን ከመካከላችን በአየሩ ከተማ የመረጠች ስንት አለች? የመራን ቀድሞ የመጣ ዘመድና የተገኘ ሥራ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን የማይወጡባቸው ወራት በየትም ከተማ አሉ። በእነዚያ ወራት ምን እናድርግ?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 ቺካጎ ላይ በወረደው የሙቀት ማዕበል በጥቂት ቀናት ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ መስኮት ዘግተው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ኋላ ላይ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ኖርዝ ላውንዴልና ሊትል ቪሌጅ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ሰፈሮችን አነጻጸሩ። በሁለቱም ድህነት ነበር፣ በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ሙቀቱም አንድ ነው። የሟቾቹ መጠን ግን በመጀመሪያው ሰፈር አሥር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሊትል ቪሌጅ መንገዱ በሰው የተሞላ፣ ሱቁ ቅርብ ስለነበር አረጋውያኑ ይወጡ ነበር። ሌላው ሰፈር ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰዉ ለቆ ጭር ብሎ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ አየሩን መለወጥ ባንችል በራፍ ማንኳኳት እንችላለን የሚለው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ከራሳችን እናት ሌላ አንዲት እናት እንያዝና በወበቁና በበረዶው ወራት በየቀኑ እንደውልላቸው። ሁለተኛ፣ መኪና ያለን ተራ ገብተን በሳምንት አንድ ቀን እናቶችን ሰብስበን ሰፊ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በእግራቸው እንዲንሸራሸሩ እንውሰዳቸው። ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን በበረዶ የማያንሸራትት ጫማ በመግዛትና የማቀዝቀዣውን የመብራት ሂሳብ ፈርተው በሙቀት ለሚቀመጡት በመክፈል እንዲያግዙን።

የስም መመዝገቢያው ወረቀት በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጧል። ወበቁ ሳይገባ እንጀምር።