ቁጥሩና ከፍታው፦ በላስታ ደጋ የተሽከርካሪን መረጃ በስማርት ስልክ ስለ መከታተል

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገሩ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጥ ገመድ አልባ መሣሪያና በሾፌሩ ኪስ ውስጥ የሚገኝ ስማርት ስልክ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ፣ ቀድሞ በትልልቅ ጋራዦች ብቻ ይታይ የነበረውን የሞተር ምስጢር በማንኛውም ሰው እጅ ላይ ያኖሩታል። ይህ ለሙያችን በረከትም ፈተናም ነው። ጉዳዩን በላሊበላና በላስታ ደጋ ላይ ቆሜ ለመመርመር የመረጥኩትም በረከቱና ፈተናው እዚያ ጎልተው ስለሚታዩ ነው።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚያመራው መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ ከወጣ በኋላ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የጋሸና ደጋ ላይ ይዘረጋል። ከጋሸና ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ላሊበላ ይደረሳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ አየር ማረፊያው ግን 2,000 ሜትር በማይሞላ ቆላማ ስፍራ ይገኛል። በዚህም የተነሣ ከአውሮፕላን የወረደው እንግዳ ወደ ከተማው ለመግባት ብቻ አምስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሟል። ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌ በኩል ወደዚህ የሚመጣ ከባድ መኪና ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ እስከ ውርጭ አገር ድረስ ይወጣል ማለት ነው። እንግዲህ የሞተርን ጠባይ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ የፈተና ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

አስቀድሜ ስለ መሣሪያው ምንነት ጥቂት ልበል። ሶኬቱ ባለ 16 ቀዳዳ ሲሆን፣ ኦ.ቢ.ዲ. ሁለት በመባል የሚታወቀው ሥርዓት መግቢያ በር ነው። የሥርዓቱ መነሻ የጭስ ቁጥጥር እንጂ የጥገና ሥራ አልነበረም። የካሊፎርኒያ ግዛት የከተሞቿን አየር ከመኪና ጭስ ለመጠበቅ ስትል፣ እያንዳንዱ መኪና የራሱን የጭስ መቆጣጠሪያ ራሱ እንዲመረምር አስገደደች። ሥርዓቱ ተሻሽሎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ በሚሸጡ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆነ። በአውሮፓም በቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001፣ በናፍጣ መኪኖች ላይ ከ2004 ጀምሮ ጸና። ኢ.ኤል.ኤም. 327 የተባለው የካናዳ ሥሪት አስተርጓሚ ቺፕና የእሱ ቅጂዎች ከተስፋፉ ወዲህ፣ የመኪናውን ቋንቋ ተርጉሞ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ወደ ስልክ የሚልክ መሣሪያ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ሆኗል።

መሣሪያው ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው በቀጥታ ስለሆነ የኢንተርኔት መስመር አያስፈልገውም። ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አካባቢውን ባዳረሰ ጊዜ የመብራትና የስልክ አገልግሎት ተቋርጦ የነበረ መሆኑን ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና መሣሪያው ሁሉንም መኪና አያናግርም። በደጋው መንገድ ላይ ለብዙ ዘመን ሸክሙን ከተሸከሙት መካከል 1ኤች.ዜድ. የተባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የያዘው ላንድክሩዘር አንዱ ነው። የዚህ ሞተር ፖምፓ በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ስለሆነ፣ ከስልክ ጋር የሚነጋገርበት አንደበት የለውም። የከባድ መኪኖች ኤሌክትሪክ በአብዛኛው 24 ቮልት ሲሆን ቋንቋቸውም ሌላ ነው። ስለዚህ ለ12 ቮልት የተሠራን ርካሽ መሣሪያ በእነርሱ ላይ መሞከር መሣሪያውን ከማቃጠል አልፎ በመኪናው ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። እንዲሁም ለጃፓን ገበያ ተሠርተው ወደ አገራችን ከገቡት አሮጌ የቤት መኪኖች አንዳንዶቹ ሶኬቱ እያላቸው ለመደበኛው ጥያቄ መልስ አይሰጡም። ሶኬት አለ ማለት መረጃ አለ ማለት አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፣ ምስክርነቱም የሚታመነው ከፍታው በታወቀ ጊዜ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህንንም በሦስት ምሳሌዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንደኛው የአየር ግፊት ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት፣ በአየር ማስገቢያው ላይ ያለው የግፊት ሴንሰር የአካባቢውን አየር ግፊት ማሳየት ይገባዋል። በባሕር ወለል ላይ ይህ ቁጥር 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ የጥገና መጻሕፍትም ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። በላሊበላ አየር ማረፊያ ግን 80፣ በከተማው 75፣ በጋሸና ደጋ ላይ ደግሞ 70 ገደማ መሆን አለበት። ይህን ያላገናዘበ መካኒክ 75 የሚለውን ቁጥር አይቶ ጤነኛውን ሴንሰር "ሞቷል" ቢል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ በከንቱ ይለወጣል፤ ባለ መኪናውም ገንዘቡን ይከፍላል፤ የመኪናው ሕመም ግን እንዳለ ይቀራል። በተቃራኒው በላሊበላ ላይ 100 የሚል ሴንሰር ቢገኝ፣ መጽሐፉ ጤነኛ ቢለውም ሐሰተኛው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሞተር ጭነት የሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ በመቶኛ የሚነበብ ነው። ሾፌሩ ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ ሲወጣ ስልኩ ወደ መቶ የሚጠጋ ቁጥር ያሳየዋል፤ ሾፌሩም "ሞተሬ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው" ይላል። እውነት ነው፣ ያለውን እየሰጠ ነው፤ ነገር ግን ያለው አንሷል። ቁጥሩ ሲሰላ የአካባቢውን አየር ግፊት እያካካሰ ስለሆነ፣ ነዳጁ እስከ ጫፍ በተረገጠ ጊዜ በማናቸውም ከፍታ ላይ መቶ እንዲደርስ ተደርጎ የተቀመረ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ግን በ2,500 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለሆነም በቆላ የቻለውን ጭነት በደጋ ላይ እንዲችል መጠበቅ፣ ስልኩም ይህን ያስጠነቅቀኛል ብሎ መታመን ስሕተት ነው። የጉልበቱን መቀነስ የሚያሳየው ፍጹም ጭነት የተባለው ሌላው ቁጥር ነው፤ ይህንን ግን ሁሉም መኪና አይሰጥም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ምሳሌ የሞተር ሙቀት ነው። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በላሊበላ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በጋሸና ደጋ ደግሞ በ90 ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ በመደበኛ ሥራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚሠራ ነው። ውኃውን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ 90 ኪሎ ፓስካል የሚይዝ ቢሆን፣ ንጹሕ ውኃ በባሕር ዳር 119 ዲግሪ እስኪደርስ አይፈላም፤ በላሊበላ ግን 114 ላይ ይፈላል። ክዳኑ አርጅቶ ግፊት መያዝ ያቃተው እንደ ሆነ ደግሞ ውኃው በ92 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር መጽሐፉ "ደኅና ነው" የሚለው ቁጥር ነው! ከዚህም የከፋው፣ ውኃው ተንኖ ካለቀና ሴንሰሩ በእንፋሎት መካከል ከቀረ የሙቀቱ ቁጥር ሊወርድ ይችላል፤ ሾፌሩም ሞተሩ የቀዘቀዘ እየመሰለው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል።

ይህን ስል የስልኩን ጥቅም ማሳነሴ አይደለም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የዳሽቦርዱ የሙቀት ቀስት ሾፌሩ እንዳይሸበር ሲባል ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መካከል ላይ እንዲቆም ተደርጓል። ስልኩ ግን እያንዳንዱን ዲግሪ ይናገራል። ሾፌሩ በዳገት ላይ 93 ይታይ የነበረው ቁጥር 98፣ ከዚያም 103 መሆኑን ሲመለከት፣ ቀስቱ ሳይነቃነቅ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ ለመዝለቅ ወይም ጥግ ይዞ ለመቆም ጊዜ ያገኛል። የዲናሞውንም ነገር እንዲሁ ማወቅ ይቻላል፤ ሞተሩ እየሠራ ቮልቱ ከ13.5 በታች እየወረደ ከሄደ፣ መኪናው ሰው በሌለበት በረሃ ከመቆሙ በፊት ወሬው ይደርሳል።

ዳገቱን የወጣ ሁሉ መውረድ ግድ ይለዋል። ስለ ቁልቁለት ስንናገር የመሣሪያው ትልቁ ጉድለት ይገለጣል። መደበኛው ሥርዓት ለጭስ ቁጥጥር የተወለደ በመሆኑ የፍሬን ሸራን ሙቀትም ሆነ ውፍረት አይለካም። ሸራው ግሎ ፍሬኑ መያዝ ባቆመበት ሰዓት እንኳ በስልኩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ያማሩ ይሆናሉ። ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ወልድያ የሚወርድ ሾፌር ዛሬም እንደ አባቶቹ በከባድ ማርሽ ሞተሩን ይዞ መውረድ፣ ሽታውን ማሽተት፣ የፔዳሉን ጠባይ በእግሩ ማዳመጥ አለበት። ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ ስልኩ ላይ የሚተክል ሾፌር ደግሞ ከመሣሪያው የሚያገኘው ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው፤ በጉዞ ላይ ቁጥሩን ማየት ያለበት ረዳቱ ነው።

ስለ ብልሽት ኮዶችም አንድ ቃል ልጨምር። ፒ0171 የሚለው ኮድ የሞተሩ ድብልቅ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ምክንያቱ የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የተደፈነ የነዳጅ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ሕመሙን እንጂ መድኃኒቱን አልተናገረም። ኮዱን አንብቦ ወዲያው ዕቃ መለወጥ ጥገና ሳይሆን ዕጣ መጣል ነው። ኮዱን ደምስሶ "ተሠርቷል" ማለት ደግሞ ዕጣ ከመጣልም ያለፈ ማታለል ነው። ደግነቱ ኮዱ ሲደመሰስ የመኪናው የራስ ምርመራ መዝገቦችም "አልተጠናቀቀም" ወደሚል ሁኔታ ይመለሳሉ፤ እንደገና ለመጠናቀቅም ብዙ ኪሎ ሜትር መነዳት ያስፈልጋቸዋል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ይህንን ገጽ ከፍቶ ቢያይ፣ መብራቱ የጠፋው በጥገና ይሁን በጣት ለመጠርጠር የሚበቃ ማስረጃ ያገኛል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ ከዚህ ሁሉ በመነሣት የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዱ መኪና ጤነኛ ሳለ የራሱ መነሻ መዝገብ ይኑረው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ያለው የአየር ግፊት፣ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ ያለው ሙቀትና ቮልት፣ በአንድ በታወቀ ዳገት ላይ በአንድ በታወቀ ማርሽ የደረሰበት ከፍተኛ ሙቀት ከነቀኑና ከነስፍራው ይጻፍ። መዝገቡም በጋራዡ ብቻ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። መሣሪያው ከሥራ በኋላ ይነቀል፤ ሶኬቱ ሁልጊዜ ከባትሪው ኃይል ስለሚያገኝ መኪናው ለቀናት ከቆመ ባትሪውን ሊያዳክመው ይችላል፤ የይለፍ ቃል የሌለው ከሆነም ባዕድ ስልክ ሊገናኘው ይችላል።

ይህ ሥርዓት የላስታ ብቻ አይደለም። ርእሰ ከተማችን አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በብዛት የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደሉም። ካርበሬተርና ካንዴላ ባይኖራቸውም የባትሪያቸውን ጤንነት የሚናገሩት በዚሁ ሶኬት በኩል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ለብቻው ባወጣው ቋንቋ ነው። ያን ቋንቋ ማን ተምሮ ያስተምራል? ይህ ለማኅበራችን የቀረበ ጥያቄ ነው።

ቀደም ሲል ባለ መኪናው መካኒኩን የሚያምነው የማያየውን ስለሚያይለት ነበር። ዛሬ ባለ መኪናው ራሱ ያያል። ስለዚህ ከእንግዲህ እምነቱን የምናገኘው ቁጥሩን በማንበብ አይደለም፤ ቁጥሩ በላሊበላ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በጂቡቲ ምን ማለት እንደ ሆነ ለይተን በማስረዳት ነው። ይህን ካደረግን ስልኩ ተወዳዳሪያችን ሳይሆን ረዳታችን ይሆናል፤ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚጓዘውም ሰው ከነነፍሱ ቤቱ ይገባል።