የጥቅል ስምና የወንፈል ዕዳ



ዛሬ የምንናገረው ብዙ ሰዎችን ባንድ ቃል ስለሚጠራው ስለ ጥቅል ስም ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው፤ መርከበኞችን «ክሩ»፥ ምእመናንን «ኮንግሪጌሽን»፥ ሁከተኞችን «ሞብ» ይላል። «ኮሚቲ» የሚለውን ቃል እንግሊዞች እንደ አንድም እንደ ብዙም ይናገሩታል፤ አሜሪካኖች ግን እንደ አንድ መቍጠሩን ያዘወትራሉ። በኛም ቋንቋ «ሕዝቡ መጣ» ስንል ሺው ሰው አንድ ሆኖ ይመጣል።

እኛ ከባሶ ሊበን፥ ከይጁቤ የመጣን ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ስለ ደቦ በእንግሊዝኛ ድርሰት እንድንጽፍ ታዘን ነበር። ከመጽሐፉ ዝርዝር ውስጥ ለሠራተኞች የተሰጠውን «ጋንግ» የሚለውን ቃል አገኘንና አባቶቻችንን በዚሁ ስም ጠራናቸው። ቃሉ ለወንበዴም እንደሚያገለግል የተረዳነው ክፍሉ በሣቅ ሲያውካካ ነው።

ስሕተቱ ግን አስተማረን። የኛ ቃል የሰዎቹን መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን ውላቸውንም ይናገራል። ደቦ ሲባል ባለ እርሻው ጠርቶ፥ አብልቶና ጠላ አጠጥቶ ያሠራል፤ ቀን በቀን አይቈጠርበትም። ወንፈል ሲባል ግን ዛሬ ላንተ፥ ነገ ለኔ ነው፤ የሠራኸው ቀን ይመለስልሃል። ዕቁብ ገንዘብ አዋጥቶ በተራ ለመውሰድ፥ ዕድር ሐዘን ሲደርስ ለመረዳዳት ነው። ሁሉም ግዴታ አለባቸው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። «ተማሪው» ተብለን በጥቅል ስንጠራ ደረታችንን እንነፋለን። ነገር ግን እኛ ትምህርት ቤት በዋልንባቸው ቀኖች አረሙን ያረመው፥ ጤፉን ያጨደው ማን ነው? ወላጆቻችንና ጎረቤቶቻችን የኛን ቀን ሠርተዋል። ደቦ ነው እንዳንል አብልተን አላሠራናቸውም። እንግዲያስ ወንፈል ነው፤ ወንፈል ደግሞ ይመለሳል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ወደ አገራችን የምንገባ ሁሉ ጧት ከጎረቤት ጋር አረም እንረም፤ ከሰዓት በኋላ ታናናሾቻችንን ንባብና ሒሳብ እናስጠና። ስንት ቀን እንደ ሠራን እኛ ሳንሆን እነሱ ይቍጠሩልን። ያን ጊዜ «ተማሪው» የሚለው ስማችን እንደ አባቶቻችን ቃል ውል ያለበት ስም ይሆናል።